ምዕራፍ ሰባት፦ ዙሪያውን የቆሙት ልጆች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም አድርጎ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ በክረምት የተጓዘ ሰው፣ ጊንጪ ሲደርስ ግራና ቀኙ የተንጣለለውን ጥቁር መሬት ሳያይ አያልፍም። አማርኛው መረሬ፣ ኦሮምኛው ኮቲቻ የሚለው ይህ አፈር፣ በበጋ ደርቆ የሰው ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ በክረምት ግን ውሃ እንደ ጠገበ ሊጥ ለጥፎ የሚይዝ፣ የገባበትንም እግር ብዙ ጊዜ ያለ ጫማው የሚመልስ ነው። ሁለት እግሩ ለሚታዘዝለት ሰው ይህ የመንገድ ጨዋታ ይሆናል፤ በአንድ እግርና በሁለት ምርኩዝ ለሚሄድ የ11 ዓመት ልጅ ግን ትምህርት ቤት የመድረስና ያለመድረስ ነገር ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ከምዕራብ ሸዋ ትንንሽ ከተሞች በአንዱ አብሮኝ ተምሯል። ገና በሕፃንነቱ ልምሻ ግራ እግሩን ስላደረቀበት፣ የሠፈር አናጢ ከባሕር ዛፍ ባበጀለት ሁለት ምርኩዝ ተደግፎ፣ እኛ ሮጠን የምንጨርሰውን መንገድ በሦስት እጥፍ ጊዜ እየተጓዘ ይመላለስ ነበር። አንድ ደኅና እግርና ሁለት ምርኩዝ ሲደመር ሦስት መሆኑን ያስተዋለ አንድ የክፍላችን ቀልደኛ «በርጩማ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ልክ ስለ ገጠመ ተጣበቀ።

በሰኔ ወር መጀመሪያ ዝናም ሲጥል ባደረበት ማለዳ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ያ ቀልደኛ ከምርኩዞቹ አንዱን ከልጁ ብብት ሥር መንጥቆ ወደ ሜዳው መካከል ወረወረው። ምርኩዙ ጭቃው ውስጥ እንደ ችካል ተተክሎ ቆመ። ምናልባት 40 የምንሆን ልጆች ዙሪያውን ክብ ሠራን፤ አንዱ «በርጩማ!» ሲል ሌላው ይቀበለዋል፤ ልጁ ግን ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በቀረችው ምርኩዝ ሚዛኑን እየጠበቀ፣ አላለቀሰም፣ አልተሳደበም፣ ይልቁንም ከእኛ ጋር አብሮ ለመሣቅ ሞከረ። ያችን ሣቅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በዚህ መካከል ከእኛ በታች ባለ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ ክቡን ጥሳ ወጥታ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየዋጣት ሄዳ፣ ምርኩዙን ነቅላ በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ሰጠችው፤ ይህን ስታደርግ አንዲት ቃል አልወጣትም። ደወል ተደውሎ ስንሰለፍ ተረኛው መምህር በቀሚሷ ላይ ያለውን ጭቃ አይቶ ንጽሕናዋን ባለመጠበቋ ገሠጻት። የምርኩዙ ነገር ሲነገረው የመለሰው «ልጆች ናቸው፤ ሲጫወቱ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ልጁ ከዚያ ሳምንት በኋላ ስለ ቀረ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ሳይፈተን ክፍሉን ደገመ። ለምን ቀረ ብለን ስንጠያየቅ ሁላችንም «ጭቃው አላስኬድ ብሎት ነው» አልን፤ እኔም ብዙ ዘመን ጭቃው መስሎኝ ኖርሁ።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ማሾፍ፣ ማላገጥ፣ ማፌዝ፣ ማሽሟጠጥ፣ ማንጓጠጥ፣ መዘባበት እያለ የፌዝን ዓይነት በየመልኩ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ በየቀኑ ሲደጋገም የሚሆነውን ነገር የሚጠቀልል አንድ የተለመደ ቃል የለውም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጻፈው «ጥቃት» የሚለው ቃል በጆሯችን ቡጢንና ደምን ስለሚያስታውስ፣ ደም ያልፈሰሰበት ነገር ሁሉ ከትርጓሜው ያመልጣል። ይህን ነገር ከሌላው የልጆች ጠብ ለይቶ ወሰን ያበጀለት ዳን ኦልዌየስ የተባለው በኖርዌይ ይኖር የነበረ የሥነ ልቡና ሊቅ ሲሆን፣ ምልክቶቹንም ሦስት አድርጓል፤ ይኸውም ድርጊቱ ታስቦ መደረጉ፣ መደጋገሙ፣ በአድራጊውና በተደራጊው መካከልም የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ነው። ሁለት እኩያሞች ኳስ ቀማኸኝ ተባብለው ቢማቱ ጠብ ነው፤ ነገም ይታረቃሉ። ምርኩዙን የተነጠቀ ልጅ ግን የሚታረቅበት እኩልነት ስለሌለው ነገሩ ጠብ አይባልም፤ «ሲጫወቱ ነው» ያለው መምህርም የሳተው እዚህ ላይ ነበር፤ ጨዋታ ተራ አለውና፣ በዚያ ሜዳ ግን ተራው ሁልጊዜ የአንድ ልጅ ብቻ ነበረ።

ስለ ቃል ካነሣን ዘንድ «ደንቆሮ» የሚለውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ይህ ቃል በአንድ ወገን ጆሮው የማይሰማውን፣ በሌላ ወገን አእምሮው ያልበራውን ስለሚያመለክት፣ መስማት የተሳነው ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር ቋንቋው ራሱ «አላዋቂ» ብሎ ፈርዶበታል። አምቦና አካባቢዋ ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለ ሆኑ በሜዳው ላይ የሚወረወረው ስድብ ብዙውን ጊዜ «ዱዳ»፣ «ጃማ»፣ «ነፋ» የሚል ነው፤ ነገር ግን ያው ሕዝብ «ሰፉ» የሚለው ታላቅ ቃል አለው፤ ለሰውም ለፍጥረትም የሚገባውን ክብር፣ ሊጣስ የማይገባውንም የነውር ድንበር የሚያመለክት ነው። ሽማግሌው ከብት ሲመታ ያየውን ልጅ «ሰፉ» ብሎ የሚገሥጽበት አገር፣ ሰው ሲናቅ ያየውን ልጅ በዚያው ቃል ለመገሠጽ ከሌላ ዘንድ ቃል መበደር አያሻውም።

በሸዋ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ከሚሣሉት ቅዱሳን ሁሉ ሕዝቡ አብልጦ ከሚወዳቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ሥዕላቸው አንድ እግራቸው ተሰብሮ ወድቆ፣ በአንድ እግር ቆመው ሲጸልዩ ያሳያል፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ አፅማቸው ይታሰባል። ያ የክፍላችን ቀልደኛ በበዓሉ ቀን ከእናቱ ጋር ሄዶ ይህን ሥዕል ተሳልሞ እንደ ነበር አልጠራጠርም፤ እኔም ተሳልሜአለሁ። በአንድ እግር የቆመውን ጻድቅ ስመን ስንወጣ በአንድ እግር የሚሄደውን ባልንጀራችንን «በርጩማ» ማለታችን እርስ በርሱ እንደሚጣላ ያስተማረን ማንም አልነበረም፤ ሥዕሉ በቅድስና፣ ልጁ በጉድለት መዝገብ ተጽፈው ነበርና።

እንዲህ ስል የቀደሙት አባቶች ይህን አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን የትምህርት ጉባኤ የመራው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዓይነ ሥውር ሆኖ፣ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ማንበብ እንደ ተማረ ይተረካል፤ በዚያ መንበር ያስቀመጠውም ለአገራችን አባ ሰላማን የሾመው አትናቴዎስ ነው። በእኛም አገር በየአብነት ትምህርት ቤቱ ዓይነ ሥውር ተማሪ በቃል አጥንቶ የዜማና የቅኔ መምህር መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ይልቅ በጆሮና በቃል የሚሄድ ስለ ነበረ ለዓይነ ሥውር በሩ ክፍት ነበረ። ነገር ግን ሊቅ ለሆነው ክብር፣ ላልሆነው ምጽዋት ስንሰጥ ኖረን፣ ሊቅም ለማኝም ላልሆነው፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ኳስ ሊመታ፣ ሊሳሳት፣ ተቀጥቶም ሊማር ለሚፈልገው ልጅ የምንሰጠው ስፍራ ሳናበጅ ቀረን። አስተያየቴ ይህ ነው፦ ርኅራኄ አላጣንም፤ ያጣነው ባልንጀርነትን ነው።

አዲሱ ትምህርት ሲመጣ ለእነዚህ ልጆች የመጀመሪያው መፍትሔ የተለየ ቤት መሥራት ሆነ። በሰበታ የተሠራው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት መርሐ ዕውራን ተባለ፤ ስሙ ራሱ የግእዝ ጌጥ ያለው ነው። በዚያው በምዕራብ ሸዋ፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፎ በሚገኘው በባኮ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት አቆመች፤ በአምቦም የካቶሊክ ላዛሪስት ካህናት መስማት የተሳናቸውን ልጆች ያስተምራሉ። እነዚህ ቤቶች የሠሩትን ማሳነስ ግፍ ነው። በቤቱ ጓዳ ተደብቆ የነበረ ልጅ ከእነርሱ ዘንድ ብሬልን ወይም የምልክት ቋንቋን አግኝቷል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርሱን የሚመስሉ ሌሎች ልጆች መኖራቸውን አይቷል። ከወሎ ገጠር ተወልዳ በ5 ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ በሻሸመኔው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ጀምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ለመቀበል በቅታለች፤ ዓይኗ ባይጠፋ ኖሮ እንደ ሠፈሯ ልጆች ገና በልጅነቷ ትዳር ይጠብቃት እንደ ነበር ራሷ በአደባባይ ተናግራለች።

ነገር ግን የተለየው ቤት መጨረሻ አለው። ልጁ የታችኛውን ክፍል ጨርሶ ወደ ተራው ትምህርት ቤት ይሻገራል፤ በባኮ ወይም በሰበታ ሁሉም እንደ እርሱ የነበረው ልጅ አሁን ከ60 ተማሪ መካከል ብቻውን ይሆናል። በዚያ ክፍል ውስጥ ብሬል የሚጻፍበት የስታይለሱ ድምፅ፣ ወረቀቱን እየወጋ ጠቅ ጠቅ ሲል፣ የመጀመሪያው የፌዝ ምክንያት ይሆናል፤ ከኋላ ያሉት በጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ያስመስሉታል። ሁለተኛው ደግሞ ስታይለሱን መደበቅ ነው። ይህች ከጣት የማትበልጥ፣ ጫፏ የሾለ መሣሪያ ስትጠፋ የልጁ ብዕር፣ ደብተርና ማስታወሻ አብረው ይጠፋሉ፤ የደበቃት ግን «ለቀልድ» ነው የደበቃት። በክፍሉ ውስጥ መቀመጫ ስላገኘ ልጁ ተካቷል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ገብቷል እንጂ ተካቷል አልልም።

ሕጉ ከእኛ ቀድሟል፤ በዚህ ላይ ብዙ አልዘገይም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጸድቋል፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች እንዲሆን አዟል። በ1994 እ.ኤ.አ. በስፔይን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው ተራው ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ ክፍት እንዲሆን ተስማምተዋል። ይሁን እንጂ አዋጅ ደጃፍን ይከፍታል እንጂ በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ አይቆምም። በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት አሳሳቢነት የተሰበሰቡ ጥናቶች እንዳሳዩት አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከሌሎች ይልቅ 3.7 እጥፍ ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው፤ ጥናቶቹም በአብዛኛው ከበለጸጉት አገሮች የተገኙ ስለ ሆኑ፣ ራምፑና አስተርጓሚው በተሟላበት አገር እንኳ ሜዳው አደገኛ እንደ ሆነ ይነግሩናል።

እንግዲህ ወደ ክቡ እንመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። በ1982 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች የባልንጀሮቻቸው ማሠቃየት አስመርሯቸው ሳይሆን አይቀርም ነፍሳቸውን ካጠፉ በኋላ፣ ኦልዌየስ በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች 2,500 ያህል ተማሪዎችን ለሁለት ዓመት ተኩል ተከታትሎ ነበር። ያደረገውም ሲታይ እጅግ ቀላል ይመስላል፦ በዕረፍት ሰዓት መምህራን በሜዳው እንዲገኙ፣ ክፍሉ ራሱ ተማክሮ ጥቂት ሕግ እንዲያወጣ፣ ከአድራጊውም ከተደራጊውም፣ ከወላጆቻቸውም ጋር ለየብቻ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። ችግሩ በግማሽ ያህል ቀነሰ። በፊንላንድ ደግሞ ክሪስቲና ሳልሚቫሊ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ በእንዲህ ያለ ትዕይንት ውስጥ ከሁለቱ ልጆች ሌላ ያሉት ሁሉ የየራሳቸው ሥራ እንዳላቸው አሳየች፤ አንዱ ይረዳዋል፣ አንዱ ይሥቅለታል፣ አንዱ ዘወር ብሎ ይሄዳል፣ አንዱ ለተጠቃው ይቆማል። በካናዳ ቶሮንቶ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ካሜራና ማይክሮፎን አድርገው ሲከታተሉ ካገኙት ውስጥ እኔን ያቆመኝ ይህ ነው፦ ከ100 እንዲህ ያለ ድርጊት በ88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ይመለከቱ ነበር፤ ጣልቃ የገቡት ግን በ19ኙ ብቻ ነው። ጣልቃ ሲገቡ ደግሞ ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ነገሩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል። 10 ሰከንድ! ያቺ ልጅ ምርኩዙን ለማምጣት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶባታል፤ ጭቃው ያዝ ስላደረጋት።

ይህን ካነበብሁ ወዲህ የማርቆስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ በሌላ ዓይን ይታየኛል። ስለ በርጤሜዎስ ሲሰበክ የምንሰማው ስለ እምነቱና ስለ መዳኑ ነው፤ ዙሪያውን ስለ ቆሙት ሰዎች የሚሰብክ ግን ብዙ አልሰማሁም። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጮኸውን ዓይነ ሥውር ዝም በል ብለው የገሠጹት እነርሱ ናቸው፤ ጌታ ቆሞ ጥሩት ባለ ጊዜ ደግሞ ያው ሕዝብ፣ በዚያው ቅጽበት፣ አይዞህ ተነሣ የሚሉት ሆኑ። ሕዝቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በፊታቸው ቆሞ ያየው ሰው ነገሩን እንዴት እንደ ተቀበለው ነው። በትምህርት ቤት ያ የሚቆመው ሰው መምህር ነው። «ሲጫወቱ ነው» ብሎ ያለፈ መምህር ለ40 ልጆች ዝም በል ብሎ የመገሠጽን ፈቃድ ይሰጣል፤ የቆመ መምህር ግን ያንኑ 40 ልጅ የአይዞህ ድምፅ ሊያደርገው ይችላል። ቀልደኛውን ብቻ ጠርቶ በአርጩሜ መግረፍ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው፣ ከዚህ ይለያል። ልጁን በጉልበት የበለጠው እንደ ገዛው ሁሉ፣ እርሱን ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ጉልበተኛ እንደሚገዛው ያስተምረዋል፤ ሜዳው ላይ የሚከፍለው ግን ምርኩዝ ያለው ልጅ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው በአንድ ክፍል ያየሁትን ልናገር። መምህሩ፣ በክፍሉ የነበረው የዓይነ ሥውር ተማሪ ስታይለስ ሁለት ጊዜ ከጠፋ በኋላ፣ ማን ሰረቀ ብሎ አልጠየቀም። በማግስቱ ስሌቱን፣ ማለት የብሬሉን መጻፊያ ሠሌዳ፣ እና ወፍራሙን ወረቀት ከልጁ አስፈቅዶ ወደ ፊት አመጣና «ስሙን መጻፍ የሚችል ማነው?» አለ። ጎበዞቹ ሁሉ ወጡ። ስሌት ላይ ነጥቡ ከጀርባ ስለሚወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፎ፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ በአማርኛ ብሬል ደግሞ «ለ» እና «ሉ» እንደ ፊደላችን በአንድ ቅርጽ አይወጡም፣ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይወጋሉ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ሦስት ፊደል ለመጻፍ ላብ አጠመቀው፤ ወረቀቱን ገልብጦ በጣቱ የዳሰሰው ዓይነ ሥውሩ ልጅም በክፍሉ ፊት አነበበው፤ የተጻፈው ስም ሳይሆን ትርጉም የሌለው ነገር ነበርና ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። በዚያ ክፍል በአንድ ዓመት ውስጥ በትክክል የተሣቀው ያን ቀን ይመስለኛል። ስታይለሱ ከዚያ በኋላ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይልቁንም ተበዳሪ በዛበት።

መስማት ለተሳነው ልጅም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ድንቅ ነገር ነው፦ የእጅ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያሳይ፣ የእጅ እንቅስቃሴ ደግሞ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይወስደዋል፤ የአባቶቻችን ሰባቱ ሆሄያት በአየር ላይ ይጻፋሉ ማለት ነው። የሚሰሙት ልጆች ይህን በአንድ ሳምንት ይለምዱታል፤ እውነቱን ለመናገር አስቀድመው የሚለምዱት ስድቡን ነው፤ ቢሆንም ስድቡን መመለስ የሚችል ልጅ ከማይችል ልጅ ይሻላል። የሚያዳግተው የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ልጅ ነገር ነው፤ ምርኩዝም ስሌትም ስለሌለው ጉዳቱ አይታይም፣ «ጅል» ሲሉትም አብሮ ይሥቃል፤ እንደዚያ የሰኔው ልጅ። ለእርሱ ያየሁት የሚረዳ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ በየቀኑ አብሮት የሚበላ አንድ ልጅ።

ከዓመታት በኋላ፣ አምቦ ከተማ በሥራ ምክንያት ሄጄ ሳለ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ አለፍ ብሎ ባለ ሻይ ቤት ከዚያ ባልንጀራዬ ጋር ተገናኘን። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኗል፤ ምርኩዞቹም ከባሕር ዛፍ ሳይሆን ከብረት የተሠሩ ናቸው። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ተጨዋወትን። በመጨረሻ ያን የሰኔ ቀን ራሴ አነሣሁት። እርሱም የቀልደኛውን ስም ረስቶታል፤ ልጅቱን ግን ስሟን ከነአባቷ፣ የቀሚሷን ቀለም ጭምር ነገረኝ፤ ጉደር አግብታ እንደምትኖርና ለመስቀል እንደሚጠያየቁ ጨመረልኝ። ከዚያ ጥቂት አሰብ አድርጎ፣

«አንተ ያን ቀን ነበርህ እንዴ?» አለኝ።

«ነበርሁ» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀና አሳላፊዋን ጠርቶ ሁለት ጠርሙስ አምቦ ውሃ አዘዘ።